በሰው ግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር

ዘንድሮ የእኛ የቤተ እስራኤሎች በዓል በሆነው በስግድ ዕለት፣ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ በተባለው ኮረብታ ላይ፣ ጸሎቱ አልቆ ቄሶቹ ከነጥላቸው ወርደው ሰዉ ጾሙን ሲገድፍ፣ አንዲት ልጅ እየሮጠች መጥታ ወረቀት አስያዘችኝ። በአንድ እጄ ዳቦ፣ በሌላው ከዘራ ይዤ ስለነበር ወረቀቱን በብብቴ ሸጎጥኩና የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀምጬ መነጽሬን ፈለግሁ። በዕብራይስጥም በአማርኛም ተጽፏል። አማርኛው ትንሽ ቢወላገድም ነገሩ ይገባል፤ «አከራይ ለምን ያስፈልጋል? ቤት መብት ነው፣ ንግድ አይደለም» ይላል። ቀና ብል ወረቀቱን የሰጠችኝ ልጅ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ሊያት ናት፤ የገዛ ተከራዬ።

«ኦይ፣ እማማ ፈንታዬ፣ ስሊኻ!» አለች። ይቅርታ ማለቷ ነው። «እርስዎ መሆንዎን አላየሁም። ለሁሉም ሰው ነው የምንሰጠው።»

«ታዲያ ምን አለበት፣ እኔም ሰው ነኝ» አልኳት።

«እርስዎን ማለታችን እኮ አይደለም። እርስዎ ጥሩ ነዎት። የምንቃወመው አሠራሩን ነው።»

ሊያት እዚሁ ኢየሩሳሌም ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ወላጆቿ እንደ እኔ ከጎንደር በእግራቸው የወጡ ናቸው። ሆስፒታል እየሠራች ትማራለች። አማርኛ ያጥራታል፣ ድፍረት ግን አያጥራትም። «ካነሳነው አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅዎት? መስታወት ልሰቅል ነበር። አንድ ምስማር ብቻ። ኮንትራቱ አይቻልም ስለሚል ነው» አለችኝ።

«አስቤበት እነግርሻለሁ» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁትና ደነገጥኩ። በዚህ ከተማ ስንት አከራይ ይህንኑ ብሎኛል! ሊያት የምትኖርባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት እኔና ባለቤቴ፣ ነፍሱ በገነት ትረፍና፣ እሱ ዳቦ ቤት፣ እኔ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ እየሠራን ያፈራናት ናት። እሱ ሲያርፍ፣ ጉልበቴም ደረጃ አልወጣም ሲለኝ፣ ልጄ ጋ ገባሁና ቤቷን አከራየኋት። ኮንትራቱን ያዘጋጀው አንድ ጠበቃ ነው። እኔ ከታች ፈርሚ ያሉኝ ቦታ ላይ ፈረምኩ። ያን ዕለት ከስግድ ስመለስ ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩት። «ተከራይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በግድግዳ ላይ ምስማር መምታትም ሆነ መብሳት አይችልም» ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። ያለ ሰው እርዳታ አንብቤ የጨረስኳት የመጀመሪያዋ የዕብራይስጥ ዓረፍተ ነገር እሷ ናት። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር።

አዲስ ገቢዎች ከሚያርፉበት መቀበያ ማዕከል ወጥተን፣ የመንግሥት ቤት ተራችን እስኪደርስ ድረስ በኪራይ የምንቆይበት ጊዜ ነበር። ያገኘነው ኢየሩሳሌም ውስጥ የኢትዮጵያ መንገድ ከሚባለው ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ ዝገት የበላው በር፣ መሐል ላይ አንድ የበለስ ዛፍ፣ መጸዳጃው ከግቢው ማዶ። ከላይ ባለቤቷ ሲምሐ ትኖራለች። ከታች ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱ የእኔና የአባቴ ነበር። በሌላው ጓደኛዬ ትርንጎ ከእናቷ ከእማማ ዝማምና ከወንድሞቿ ጋር ትኖራለች። በዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌለ ሲምሐን ያኔም ዛሬም አንቺ እያልኩ ነው የማስባት። ከኩርዶች አገር የመጣች፣ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና አሮጊት ነበረች። ስትወርድ ከእሷ በፊት የነጭ ሽንኩርት ሽታዋ ይወርዳል።

አባቴ ሰፈሩን ወደውት ነበር። ጠዋት ጠዋት መንገዱ ላይ ባለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሲያልፉ መነኮሳቱ «እንደምን አደሩ» ይሏቸዋል። በዚህ ከተማ የማያውቁት ሰው በአማርኛ ሰላም የሚላቸው እዚያ ብቻ ነበር። አንዳንዴ ከውስጥ የሚሰማው ግዕዝ ያቆማቸዋል። የእኛም ቄሶች የሚጸልዩት በግዕዝ ስለሆነ ቃሉን ያውቁታል፣ ቤቱ ግን የሌላ ነው። ጥቂት ቆመው ከሰሙ በኋላ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይሄዳሉ። በዚያ መንገድ ላይ ካሉት ያማሩ ቤቶች አንዳንዶቹን ድሮ የኢትዮጵያ መኳንንት ለገዳሙ እንደ ሰጧቸው፣ ኪራያቸውም መነኮሳቱን እንደሚያኖር አባቴ ነግረውኝ ነበር። «አየሽ፣ እዚህ ጸሎተኛውም አከራይ ነው» ብለው ሳቁ።

አከራይን እንኳ እሳቸው በደንብ ያውቁታል። ጎንደር፣ ወገራ ሳለን እንደ እኛ ያለው ቤተ እስራኤል ርስት አልነበረውም። አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ፣ የቀረውን ጊዜ የባለ ርስቱን መሬት ያርሳሉ። ጎጆዋ የኛው ናት፤ ጎረቤት ተሰብስቦ በደቦ ይሠራታል፣ ጭቃውን ሴቶች ይመርጋሉ፣ በጥቂት ቀን ያልቃል። የሰው የነበረው ከሥሯ ያለው አፈር ነው። እህል ሲደርስ ከባለ ርስቱ ዘንድ ድርሻውን የሚተምን ገማች ይመጣል። የመሬት አዋጁ የታወጀው እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለነበር ስለ ገማቹ የማስታውሰው ከበቅሎው ኮርቻ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ቀይ ጨርቅ ብቻ ነው። አባቴ ግን ሲምሐ ከደረጃው ስትወርድ በዚያው ዘመን ልማድ ከተቀመጡበት ብድግ ይላሉ። የበሯን ማጠፊያ ያለ ክፍያ አቃኑላት፣ የበለሱን ደረቅ ቅርንጫፍ ቆረጡላት። እኔ በዚህ አፍር ነበር፣ ስለማፍርም እናደድ ነበር።

ስለ ትርንጎ ልንገራችሁ። ከአንድ መንደር ነን፣ በአንድ ቡድን ነው የወጣነው፣ ሱዳን በረሃ ውስጥ ከአንድ ጣሳ ጠጥተናል። እህት ማለት ነች። ከልጅነቴ ጀምሮ ግን እቀናባት ነበር። እሷ ስትስቅ ሰው ዞሮ ያያል፣ እኔ ስስቅ ጥርሴን እሸፍናለሁ። ይሄ ሁሉ የልጅነት ነገር ነው፣ ያልፋል። ሱዳን ከደረስን በኋላ ግን የማያልፍ መጣ። እናቴ እዚያው መጠለያው ውስጥ ቀረች። የእሷ እናት አብረው ገቡ። አልቅሳ አብራኝ የቀበረች ልጅ ላይ በእናቷ መቅናት ነውር መሆኑ አይጠፋኝም፤ ግን እማማ ዝማም ፀጉሯን ሲሠሯት ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

ከእናቴ የቀረን አንድ ፎቶግራፍ ነው። ጎንደር ከተማ ፎቶ ቤት ተነሥታው አባቴ ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት የመጡት። ሆስፒታል አብራኝ የምትሠራ ሴት በመስታወት አስገጥማ አመጣችልኝ። ታዲያ የት እንስቀለው? ኮንትራቱ ምስማር አይቻልም ይላል። አሮጌ ማቀዝቀዣ ነበረችን፤ እሷ ላይ ግድግዳውን አስደግፌ አቆምኩት። ማቀዝቀዣዋ በተከፈተች ቁጥር እናቴ በግንባሯ ትደፋለች። አባቴ ቅቤ ሊያወጡ ሲነሡ አስቀድመው በአንድ እጃቸው ፎቶውን ይይዙታል። ይህን እያየሁ ስንት ጊዜ የመንግሥት ቤት ባገኘን፣ ግድግዳው የኛ በሆነ ብዬ እንደ ተመኘሁ አልቆጥረውም።

እዚህ ክረምቱ በሚያበቃበት በየካቲት ገደማ ከቤቶች ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ቃታሞኒም በሚባለው ሰፈር ካሉት የመንግሥት ሕንፃዎች ባዶ ቤት ስለተገኘ፣ አንድ ፓኪድ፣ ማለት የቢሮ ጸሐፊ፣ ወደ ሁለታችንም ቤት መጥቶ ኑሯችንን አይቶ ይጽፋል። የባሰበት ይቀድማል። እማማ ዝማምን አንድ ቀድሞ የገባ ዘመዳቸው፣ «ፓኪድ የሚጽፈው ያየውን ነው» ብሎ መከራቸው። እሳቸው መካሪ የሚሰሙ ሴት ናቸው። መጋረጃውን አወለቁ፣ ፍራሾቹን ውሃ እየረጩ መሬት ለመሬት ዘረጉ፣ የላምባ ምድጃውን ደበቁ፣ አንዲት ጠብታ ወርዳበት በማታውቅ ጣሪያ ሥር ትልቅ ድስት አስቀመጡ። እኔና ትርንጎ በሳቅ ሞትን። ለአባቴም ነገርኳቸው። «እንደ እማማ ዝማም ያድርጉ፣ የግድግዳውን ሻጋታ ያሳዩት፣ ክረምቱን አመመኝ ይበሉት» አልኩ። በነጋታው ጠዋት ወደ ሥራ ሄድኩ።

በምሳ ሰዓት አስፈቅጄ እየሮጥኩ ስመለስ ከበሩ ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። አባቴ ሻጋታውን በሙሉ በኖራ ቀብተውታል። ግድግዳው ዓይን ይወጋል። ወለሉ ታጥቧል፣ የሲምሐ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፣ የሲምሐ ሁለት ወንበሮች ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተላጠ ብርቱካንና በብርጭቆ ጠላ አለ። እሳቸው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው እንግዳ እንደሚቀበል ሰው በር ላይ ቆመዋል።

«አባዬ፣ ምን አደረጉ?» አልኩ።

«እንግዳ ይመጣል አላልሽም?» አሉኝ።

ሌላ ቃል ሳልጨምር ፓኪዱ ደረሰ። ቀጭን፣ የደከመው፣ ትልቅ መዝገብ የታቀፈ ሰው ነበር። ከእሳቸው የተሻለ ዕብራይስጥ ስለማውቅ መሐላቸው ቆሜ አስተረጎምኩ። ግድግዳው እርጥበት አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። ለአባቴ ነገርኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው በይው» አሉ።

እኔም በዕብራይስጥ፣ «በጣም ይረጥባል፣ ክረምቱን ሙሉ ሲያስላቸው ከርሟል» አልኩ።

ፓኪዱ በኖራ የነጣውን ግድግዳ አየ፣ አባቴን አየ። አባቴ እኔን አዩኝ። ዋሽቼ እንደ ተናገርኩ ከፊቴ ነው ያነበቡት። ከዚያ ትንሽ ወደ ፊት ራመድ ብለው በሚያውቋት ዕብራይስጥ ራሳቸው መለሱ። «ሐኮል ቤሴዴር፣ ባሩክ ሐሼም!» ሁሉ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማለት ነው። ወንበርም ሳቡለት። ሰውዬው ተቀመጠ፣ ዳቦውን በላ፣ ጠላውን ቀምሶ ሳቀ። «ሁሉም እንደናንተ ቢሆን ሥራዬ እንዴት በቀለለ!» ብሎ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደ ጻፈ ሳላነበው አወቅሁት።

ከእኛ ወጥቶ እነ ትርንጎ ጋ ገባ። እማማ ዝማም እጅጌውን ይዘው አለቀሱ። ድስቱ የውሸት ነበር፣ ለቅሶው ግን የእውነት ነው። ባላቸው ሱዳን ነው የቀሩት።

ለፋሲካ ጥቂት ሲቀረው መልሱ መጣ። ለእነሱ ቃታሞኒም ሦስተኛ ፎቅ፤ ለእኛ «ችግራችሁ አስቸኳይ ሆኖ ስላልተገኘ ተራችሁ ተጠብቆ ይቆያል» የሚል ወረቀት። እቃቸውን የጫኑ ቀን ትርንጎ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እንኳን ደስ አላችሁ አልኩ።

ሁለት ወር ያህል ሳልሄድ ቆየሁ። ሥራ በዛብኝ እያልኩ አመካኘሁ። በኋላ ግን ይሉኝታ ያዘኝና አንድ ቅዳሜ ተነሣሁ። በሰንበት አውቶብስ የለም። ከኢትዮጵያ መንገድ ወርጄ፣ ያፎ መንገድን ተሻግሬ፣ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ። ሙቀቱ ገና መግባቱ ነበር። የአጥር አበቦች ፈክተዋል፣ ከየመስኮቱ ሌሊቱን ሲበስል ያደረ የሰንበት ወጥ ይሸታል። ቃታሞኒም ስደርስ ሕንፃዎቹ ረዣዥም፣ ግራጫ፣ ልብስ ከየሰገነቱ የተሰጣባቸው ናቸው። ሌላ ሰው ቢያያቸው አስቀያሚ ይላቸዋል። እኔ ሦስተኛ ፎቅ እስክደርስ ድረስ እያንዳንዷን ደረጃ በቅናት ነው የረገጥኳት።

በአገራችን ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ሊጠይቀው የመጣ እንግዳ ከደጃፉ «ቤት ለእምቦሳ» ይላል። ባለቤቶቹ «እምቦሳ እሰሩ» ብለው ይመርቃሉ። እማማ ዝማም በሩን ከፍተው፣ ምርቃቱን አፋቸው ላይ አዘጋጅተው ቆሙ። እኔ ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። «ሻባት ሻሎም» ብዬ፣ በዕብራይስጥ የሰንበት ሰላምታ ሰጥቼ ገባሁ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» ብቻ አሉኝ።

ከተቀመጥኩበት ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ሙሉ ምስማር ነው። ሳላስበው ቆጠርኩት፤ አሥራ አራት። ሰፌድ፣ ወንፊት፣ ነጠላ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የቀን መቁጠሪያ፣ የቁልፍ ዘለላ ተሰቅሎበታል። አንዱ ምስማር ግን ባዶውን ነው።

«ያኛውስ ምን ሊሰቀልበት ነው?» አልኳት ትርንጎን።

«እንጃ። እናቴ ወደፊት የሚሆን ነገር አይጠፋም ብላ መታችው።»

እኔ ለእናቴ አንድ አጥቼ እነሱ ትርፍ አላቸው! ምግብ ቀረበ፣ የበላሁት አይታወቀኝም። ትርንጎ ወሬ ለማምጣት ብላ፣ ከላይኛው ቤት ቧንቧ በማድቤቱ ጣሪያ በኩል እንደሚያፈስ፣ ለቢሮው ሦስት ጊዜ ጽፈው ሰው እንዳልመጣላቸው ነገረችኝ። «ሲምሐ ብትሆን ይሄኔ ጮሃም ቢሆን ቧንቧ ሠሪ ታመጣ ነበር። እዚህ ማንን ትቆጪያለሽ? ቢሮ ፊት የለው» አለች። ወደ ማድቤቱ ሄጄ አየሁት። እውነትም ከጣሪያው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ከሥሩም ያው ትልቁ ድስት ተቀምጧል። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ፣ ግን ደስ አለኝ። አገራችን ሳለን ብረት ቀጥቃጭ ዓይኑ ይበላል እያሉ፣ ቡዳ እያሉ ይሸሹን ነበር። አባቴ ሐሰት ነው ይሉ ነበር፣ ሐሰትም ነው። እዚያ ማድቤት ውስጥ ግን የሰው ቤት በዓይን መብላት ምን እንደሆነ አወቅሁት።

በማግሥቱ እሑድ ከሥራ ስመለስ ከሆስፒታሉ አናጢ አንድ ረጅም ምስማር ለምኜ ይዤ መጣሁ። አባቴ አልነበሩም። መዶሻቸውን ከሳጥኑ አወጣሁ፣ አልጋዬ ላይ ቆምኩና ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። ሲምሐን፣ ፓኪዱን፣ ትርንጎን፣ አባቴን ነበር የምመታው። በሦስተኛው ምት ምስማሩ ተጣመመ። በአራተኛው የግድግዳው ልስን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ በቁሙ አልጋዬ ላይ ተናደ። ከኋላው ጥቁር ድንጋይ ወጣ። አቧራው ሳይረጋ የሲምሐ ነጭ ሽንኩርት ደረሰ፣ ሲምሐም ተከተለችው። አባቴም ከውጭ ሮጠው ገቡ። እንደ ልማዳቸው ለሲምሐ ጎንበስ ሲሉ ሳይ የባሰ ነደደኝ።

«ይኸው!» አልኳቸው። «ይኸው ቤታችን! የለንም ማለት ምን ይከብድ ነበር? እማማ ዝማም አሉ፣ አገኙ! አንዲት ቃል! እናቴን አንድ ግድግዳ በከለከሏት ቃል ምን ተጠቀሙ?»

በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው አልጮሁም። የወደቀውን ልስን በእግራቸው ገፋ አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺ ሕፃን ነበርሽ፣ አታስታውሺውም» አሉ። «ገማቹ ሲመጣ እህሉን ጉድጓድ እንቀብራለን። እናትሽን ቡትቶ አለብሳታለሁ። አንቺን ልብስሽን አስወልቄ ከነንፍጥሽ ደጃፍ አስቀምጥሻለሁ። ከዚያ እግሩ ላይ ወድቄ፣ ጌታዬ ድሃ ነኝ፣ የለኝም፣ አልቄያለሁ እላለሁ። በየዓመቱ። ያን ሁሉ ዘመን ድሃ ነኝ ስል ኖሬ፣ እናትሽን በመንገድ ቀብሬ ኢየሩሳሌም ከገባሁ በኋላ ደግሞ ድሃ ነኝ ልበል? ለዚህ ነው የመጣሁት?»

ሲምሐ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች። ተረጎምኩላት። በዚያኛው ጊዜ የዋሸሁትን ያህል በዚህኛው አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ሲምሐ ወደ ማቀዝቀዣዋ ሄዳ ፎቶውን አንሥታ በቀሚሷ አቧራውን ጠረገች። «እኛ ስንመጣ ያኖሩን በቆርቆሮ ቤት ነው» አለች። «ምስማር ብትመቺበት ጫፉ ጎረቤትሽ ጋ ይወጣል። ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ወረቀቱ አይቻልም ይላል» አልኳት።

«ወረቀቱን ያጻፈው ልጄ ነው» አለችና ኖራና አሸዋ ልታመጣ ወጣች።

አባቴ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ሄዱ። ድንጋይና ድንጋይ የሚጋጠሙበትን ቦታ ሲያገኙ ቆሙ፣ የምስማሩን ጫፍ በሞረድ ሳሉት፣ አራት ጊዜ መቱት። አንዲት ቅንጣት አልረገፈም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ግድግዳው ላይ ወጣች፣ ማቀዝቀዣዋም ያለ ጭንቀት ተከፈተች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ለሊያት ወረቀትም፣ አከራይ ደግ ነው ብዬ በቀላሉ በመለስኩ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ግን ሲምሐ ሞተች። ልጇ ከሩቅ ከተማ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቤቱን መሸጥ ነበረበትና ሸጠው። በወሩ መጨረሻ ውጡ ተባልን። አባቴ ፎቶውን አወረዱ፣ ምስማሩንም ሊነቅሉት ሞከሩ። ጠንክረው የመቱት ስለነበር እንቢ አላቸው፣ ትተውት ወጡ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቤት ቀያየርን። በሦስቱም ፎቶው ማቀዝቀዣዋ ላይ ኖረ። አባቴ ተራቸው ሳይደርስ በኪራይ ክፍል ውስጥ አረፉ።

እማማ ዝማም ግን ከዚያች ሦስተኛ ፎቅ ማንም ውጡ ሳይላቸው አርጅተው እዚያው ሞቱ። ቧንቧው ለዓመታት አፍስሷል፣ ቢሮውም ሲያሰኘው ሲመጣ ሳያሰኘው ሲቀር ኖሯል። ቢሮ ግን አይሞትም፣ ልጁም መጥቶ ቤት አይሸጥም። ለቅሶ ስደርስ እዚያው ወንበር ላይ አስቀመጡኝና፣ ይቅር ይበለኝ፣ ምስማሮቹን መቁጠር ጀመርኩ። ያቺን ባዶዋን ምስማር ስፈልጋት የእማማ ዝማም ፎቶ ተሰቅሎባታል። ወደፊት የሚሆን ነገር አይጠፋም ያሉት ለዚህ ኖሯል። አለቀስኩ። ለእሳቸው ነው ያለቀስኩት፤ በከፊል ግን በቅናት ነው። ይህን ለትርንጎ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ስለዚህ አከራይ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው አፌን ሞልቼ የምሰጠው መልስ የለኝም። ሲምሐ ደግ ነበረች። ደግ አከራይ ግን ደግነቷ ዕድሜዋን ያህል ነው። ከስግዱ ሳምንት በኋላ የአባቴን መዶሻ በቦርሳዬ ይዤ ወደ ሊያት ሄድኩ። የቤቱ ቁልፍ ከመዶሻው ጋር እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን በሩን አንኳኳሁ። ስትከፍትልኝ፣ «ቤት ለእምቦሳ» አልኳት።

«ምን ማለት ነው?»

«እምቦሳ እሰሩ በይ።»

«እምቦሳ እሰሩ» አለች እየሳቀች። ከአርባ ዓመት በኋላ ቃሉ ከአፌ ወጣልኝ፤ ለሌላ ሰው፣ በራሴ ቤት ደጃፍ።

ሻይ አፈላችልኝ። ከአከራይ ሌላ ምን አለ ብዬ ጠየቅኋት። መንግሥት ሠርቶ የሚያከራየው እንዳለ፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው በጋራ የሚሠሩትና ማንም ብቻውን የማይሸጠው ቤትም እንዳለ ነገረችኝ። «ደቦ በይኛ!» አልኳት። ደቦን አታውቀውም፣ አስረዳኋት፣ በስልኳ ጻፈችው። ከዚያ ግድግዳውን በጣቴ አንጓ እያንኳኳሁ ቦታውን አሳየኋትና መዶሻውን ሰጠኋት። መታችው። አልፈረሰም።

«አንድ ደግሞ ከጎኑ ምቺ» አልኳት።

«ለምን? የምሰቅለው አንድ መስታወት ነው።»

«ወደፊት የሚሆን ነገር አይጠፋም።»

ሁለተኛውንም መታች፣ መስታወቷን በአንደኛው ሰቀለች። ኮንትራቱን አወጣሁ፣ የምስማሯን ዓረፍተ ነገር በብዕር ሰረዝኩ፣ ከሥሩም በእጄ ጽሑፍ፣ ባለቤቷ ብትሞት ወይም ቤቱ ቢሸጥ ተከራይዋ የኮንትራት ዓመቷ ሳይሞላ አትወጣም ብዬ ጨመርኩና ፈረምኩ። ብዕሩን ወደ እሷ ገፋሁት።

«ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል፣ እማማ?» አለች። «እርስዎ ከፈቀዱ ይበቃል እኮ።»

«ፈቃድ ይሞታል» አልኳት። «አባቴ የመቱት ምስማር ወረቀት አልነበረውም።»

ሊያት አጎንብሳ ፈረመች። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ሁለቱ ምስማሮች አሉ፣ አንዱ ባዶውን። እውነቱን ልናገርና፣ ቀናሁባት።